ድንጋይ ያሸከመ ሌንስ

የሰው ሠርግ ፎቶ ሳነሳ ነው የኖርኩት። ደብረ ታቦር ውስጥ አግብቶ የሚኖር ሰው ቤት ገብታችሁ ግድግዳውን ብታዩ፣ ሙሽራዋ አንገቷን ወደ ግራ ሰበር አድርጋ፣ ሙሽራው ከትከሻዋ ኋላ እንደ ዋስ ቆሞ ታገኙታላችሁ። አንገቷን ሰበር ያስደረግኳት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ሰው ድሬ ኩሬ ሳበቃ የገዛ ሠርጌ በአንዲት ሌንስ ምክንያት ሊቀር ነበር ስላችሁ ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። እኔም አንዳንዴ አላምነውም።

ነገሩን ከትርንጎ ልጀምር። ትርንጎ ያኔ እጮኛዬ ነበረች። ከገሳይ መንገድ ገባ ብሎ ካለ መንደር የተወለደች፣ ዐረብ አገር ሄዳ የሰው ቤት ስትጠርግና የሰው ልጅ ስታሳድግ ቆይታ የተመለሰች ልጅ ናት። ሌላው ከዐረብ አገር ሲመለስ ብርድ ልብስና ወርቅ ይዞ ይመጣል። እሷ ካሜራ ይዛ መጣች። የአሠሪዋ ልጅ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ውሰጂው ብሏት ነው። ልጁ ቸር ነበር፤ ቸርነቱ ግን ሌንሱ ጋ ሲደርስ ቆመ። አካሉን ሰጥቶ ዓይኑን አስቀረ። ትርንጎም ዓይን የሌለውን ካሜራ በካልሲ ጠቅልላ ባሕር አሻግራ አመጣችልኝ።

ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ፣ ኋላ ግራ እንዳትጋቡ። ካሜራው ከእነዚህ መስታወት አልባ ከሚባሉት ነው። በድሮዎቹ ሆድ ውስጥ ምስሉን ወደ ዓይናችን የሚያንጸባርቅ መስታወት ነበረ፤ በአዲሶቹ እሱን አውጥተው ጥለውታል። ብርሃኑ በሌንሱ ገብቶ ቀጥ ብሎ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ሴንሰር ማለት በፊልም ቦታ የተተካ፣ ምስሉን የሚይዝ ትንሽ ገበታ ነው። ገበታው ትልቅም ትንሽም አለው፤ የትርንጎ ካሜራ ትልቁ ነው ያለው። ሌንሱም እንዲሁ ለትልቁ ገበታ የተሠራ አለ፣ ለትንሹ የተሠራ አለ። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የማውቀው። ያን ጊዜ የማውቀው አዋቂ መሆኔን ብቻ ነበር።

ትርንጎ ለጋብቻው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ወርቅ አላለች፣ ቬሎ አላለች። "አባቴና አጎቴ ሳይታረቁ አልዳርም" አለችኝ። ዐረብ አገር ስትሄድ የሚወዱትን በሬ ሸጠው መንገዷን የጠረጉላት አጎቷ ናቸው። እሷ ከሄደች በኋላ ወንድማማቾቹ ተጣሉ። እሳቸው በሌሉበት ድግስ ላይ ሙሽራ ሆኜ ከምቀመጥ ቆሜ ልቅር አለች። ደግሞ የምትለውን የምታደርግ ሴት ናት፤ ይኼ ነው ያስፈራኝ።

አባቷ አቶ ደምሌ ናቸው፤ አጎቷ አቶ ጓዴ፣ የአባቷ ታናሽ። የአንድ አባት የአንድ እናት ልጆች ሆነው የተጣሉት በሁለቱ ማሳ መካከል ባለች አንዲት ቁራጭ መሬት ነው። መሬት ስላት ራሴን ይቆጠቁጠኛል፤ ጥንድ በሬ ገብቶ መዞር አይችልባትም። ገብስ ብትዘራባት ለአንድ ድግስ የሚሆን ጠላ አይወጣትም። ግን ደም ልታፋስስ ምንም አልቀራትም ነበርና ነፍስ አባታቸው ቄስ ሞላ ገዘቱ። እስክትታረቁ ድረስ እናንተም ሆናችሁ ልጆቻችሁ እግራችሁን እንዳታስገቡባት አሉ። ግዝት ተላልፎ የሚገባ ማን አለ። መሬቷ ሰው ሳይረግጣት ዓመታት አልፈው ሣሯ ደረት ድረስ አደገ። ፍየሎች እንኳ ግዝቱን በጆሯቸው የሰሙ ይመስል ዞረው ነው የሚያልፉት።

ታዲያ ሳይታረቁ ቀርተው አይደለም። ታርቀው ያውቃሉ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ሽማግሌ ፊት ይቆማል፤ አውርድ ሲባል ያወርዳል፤ ጉልበት ይስማል፤ ከዚያ ይበላል ይጠጣል። እነሱ ሁለቱም በዳይ፣ ሁለቱም ተበዳይ ስለሆኑ ሁለቱም ይሸከማሉ። ችግሩ የሚመጣው ካወረዱ በኋላ ነው። አቶ ደምሌ ገበያ ወጥተው "እሱ ነው ድንጋይ የተሸከመልኝ፤ እኔ እንዲያው ለጨዋነት ቆሜለት ነው" አሉ ተባለ። አቶ ጓዴም በሌላኛው የገበያ ጫፍ ያንኑ ቃል አሉ ተባለ። ዕርቁ በዚያው ሳምንት ፈረሰ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው ሲለመኑ፣ ይህ ካልሰመረ ዳግመኛ እዚህ ደጅ አንረግጥም ብለው ማሉ።

በዚህ ጊዜ ነው ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሳይነጋገሩና ሳይተያዩ፣ በየሽማግሌያቸው በኩል አንድ ዓይነት ነገር የላኩት። ፎቶ እንነሳ አሉ። ሁለታችንም ድንጋያችንን ተሸክመን፣ ሽማግሌዎቹ በመካከል ተቀምጠው፣ በአንድ ፎቶ። ለየብቻ ከሆነ በሌላ ቀን ተነስቶ ነው ይባላል፤ አንድ ላይ ከሆነ የሚክድ የለም። እኔ እንግዲህ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ያመንኩት ያን ቀን ነው።

ፎቶ አንሺ ሲፈለግ የማን ስም እንደተነሳ መናገር አያስፈልገኝም። ትርንጎ "በስልኬ ላንሳቸውና ይለቅ" ብላ ነበር። ስልክ ስትለኝ ደሜ ፈላ። እንጀራዬን ከአፌ የነጠቀኝ ስልክ ነው፤ ዛሬ ሙሽራው ራሱ ክንዱን ዘርግቶ ራሱን እያነሳ እኔ ምን ልሁን። አስቀምጬ አስተማርኳት። የስልክ ሴንሰር ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከነድንጋያቸው፣ ከነሽማግሌያቸው በጤፍ ፍሬ ላይ አይያዙም፤ ለዚህ የሚሆነው ያንቺ ካሜራ ነው፣ ትልቅ ጉዳይ ትልቅ ገበታ ይፈልጋል አልኳት። አዳመጠችኝ። ስታዳምጥ ደግሞ ዝም ብላ ነው የምታየኝ፤ ያ ዝምታ አድናቆት ይመስለኝ ነበር።

የቀረው ሌንስ ነው። የእኔ ካሜራ ከዚያ በፊት አንድ ሠርግ ላይ ጠላ ጋን ውስጥ ገብቶ ነፍሱ ወጥታለች። ሌንሱ ግን ለብቻው ኪሴ ውስጥ ስለነበር ተርፏል። ካሜራዬ ትንሽ ገበታ የነበረው፣ ሌንሱም ለዚያ የተለካ መሆኑን ማን ነግሮኝ። እኔ ያየሁት የማይገጥም መሆኑን ብቻ ነው፤ አፉ ለየት ይላል። ለዚህ ደግሞ መላ አለው፤ አንዱን ካሜራ ከሌላው ሌንስ ጋር የሚያያይዝ ቀለበት ይሸጣል። ባሕር ዳር ሰው ልኬ አስመጣሁ። ለትርንጎ ጣት ቀለበት ሳልገዛ ለካሜራዋ ገዛሁ ማለት ነው። ሌንሱ ቀጭ ብሎ ሲገባ የጓዳ በር የተዘጋ ያህል ደስ የሚል ድምፅ ሰጠ። የገጠመ ሁሉ የተስማማ መሰለኝ።

ሳልሞክረው ሄድኩ እንዳትሉኝ፣ ሞክሬዋለሁ። ትርንጎን ስቱዲዮዬ ውስጥ ጥቁሩ መጋረጃ ፊት አስቀመጥኳትና አነሳኋት። ፊቷ ሲያምር ምን ልበላችሁ። እሷ ስክሪኑን አየችና ጠርዝ ጠርዙ ጨለመ አለች። ጥቁር መጋረጃ ነጭ ሆኖ እንዲወጣልሽ ነው ወይ አልኳት። ተነሳችና ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰካች።

ቀኑ ደረሰ። የሚታረቁት የሁለቱ ማሳ ድንበር ላይ ባለው ትልቅ ወይራ ሥር ነው። ከወይራው በስተኋላ ቁልቁለት ነው፣ ከፊቱ ጥቂት የተጠረገ ሜዳ አለ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያቺ የተገዘተች መሬት ሣሯን አንጨፍርራ ትጀምራለች። ሽማግሌዎቹ ወይራውን ጀርባ አድርገው በረጅም አግዳሚ ተደርድረዋል። የየወገኑ ሽማግሌ አንድም ሳይቀር ስለመጣ አግዳሚው አልበቃ ብሎ በግራም በቀኝም በርጩማ ተቀጥሏል። አቶ ደምሌ በአንዱ ጫፍ፣ አቶ ጓዴ በሌላው ጫፍ፣ ድንጋያቸውን ተሸክመው ቆመዋል። ድንጋዩን እያንዳንዳቸው ራሳቸው ነው የመረጡት፤ ከወንድሙ ያነሰ ተሸከመ ላለመባል ሁለቱም የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ነው ያመጡት። ከሩቅ ስታዩዋቸው የአግዳሚው ሁለት ምሰሶዎች ይመስሉ ነበር።

እኔ ደግሞ ሌላ ችግር አለብኝ። በአገራችን አማች የሚሆን ሰው አማቱን ቀና ብሎ አያይም፤ እንዲህ ሁኑ፣ እንዲያ ቁሙ ብሎ ማዘዝማ ነውር ነው። ቀና ብለህ የማታየውን ሰው እንዴት ፎቶ ታነሳለህ? እዚህ ላይ ዘመናዊው ካሜራ አልጨከነብኝም፤ ስክሪኑ ወደ ላይ ይገለበጣል። ካሜራውን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ አማቴን እግሬ ሥር እያየሁ ማንሳት እችላለሁ። ሽማግሌዎቹ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ሲባባሉ ሰማሁ። የማዘዙን ነገር በቄስ ሞላ በኩል አደረግነው። እኔ ለእሳቸው በለሆሳስ እነግራለሁ፣ እሳቸው ቅዳሴ በለመደ ድምፃቸው ያስተላልፋሉ።

አንድ ጊዜ አነሳሁና ስክሪኑን አየሁ። በመካከል ክብ ብርሃን አለ፤ ብርሃኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ጢማቸው ሳይቀር ተቆጥሮ ይታያል። ዙሪያው ድቅድቅ ጨለማ ነው። በጨለማው በአንዱ ጫፍ የድንጋይ ጥላ የመሰለ ነገር አለ፣ በሌላው ጫፍም እንደዚያው። የተጣሉት ሁለቱ ሰዎች ጠፍተው የቀረው አስታራቂ ብቻ ነው። የትንሹ ሌንስ ብርሃን ትልቁን ገበታ አልሸፈነውም፤ የልጅ ጋቢ ለብሶ እንደተኛ ትልቅ ሰው ዳር ዳሩ ውጭ አድሯል።

አይታዩ ብል ማን ይሰማኛል፤ ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንድ ሽማግሌ ጨለማው እድፍ መስሏቸው ስክሪኑን በጋቢያቸው ጫፍ አሹት። በመጨረሻ ለባለጉዳዮቹ፣ ድንጋዩን እንደተሸከሙ፣ ከፊታቸው ተይዞ ታየላቸው። አቶ ጓዴ የታለሁ ብለው ጠየቁ። ጨለማው ውስጥ ነዎት ተባሉ። ለወንድሜ አማች ሊሆን የመጣ ልጅ እኔን ወደ ጨለማ ቢከት አይገርመኝም አሉ። አቶ ደምሌም እሳቸው ራሳቸው ጨለማ ውስጥ መሆናቸውን ሲሰሙ፣ ለአማቱ እንዲህ ያደረገ ለልጄ ምን ሊያደርጋት ነው አሉ። ሁለቱም የተናገሩት ለቄስ ሞላ ነው። ቄስ ሞላ ስክሪኑን አስጠግተው አርቀው አዩና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

"የግራዎቹ ወደ ጨለማ ሲላኩ አንብቤያለሁ" አሉ። "ከግራም ከቀኝም አንድ ላይ የተላኩበትን ፍርድ ግን አላየሁም።"

እስኪስተካከል ድረስ ድንጋዩን ያውርዱት እንዴ የሚል ሐሳብ መጣ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩበት። ድንጋይ ከወረደ ታረቁ ማለት ነው፤ ያለ ፎቶ ከታረቁ ደግሞ እንደ ድሮው ሊካካዱ ነው። ስለዚህ አይወርድም ተባለ። ከኋላ ሰው ይደግፍላቸው ያለም ነበር፤ የተደገፈ ድንጋይ እንደተሸከሙት አይቆጠርም ተባለና ቀረ። አንገቴን እንደደፋሁ የአማቴ እግር ከድንጋዩ ክብደት ሲንገዳገድ አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት ራሴን ጠልቼው አላውቅም።

ያን ጊዜ ትርንጎ መጣች። ካሜራው ውስጥ ሆን ተብሎ የገበታውን ዳር የሚተው፣ በመሐሉ ብቻ የሚሠራ ነገር ሳይኖር አይቀርም አለች፤ የአሠሪዋ ልጅ አንዳንዴ ትንሽ ሌንስ ሲገጥም የሆነ ነገር ሲነካካ አይታዋለች። ግን የካሜራው ማዘዣ ሁሉ በዐረብኛ ነው። ትርንጎ ዐረብኛ ስትናገር ባለአገሩን ታስንቃለች፣ ማንበብ ግን የምትችለው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። ጎን ለጎን ሆነን ማዘዣውን አንድ በአንድ ወረድንበት። እሷ "ቀዝቃዛ የሚል የለም፣ መጭመቅ የሚል የለም" እያለች ታልፋለች። አንድ ቦታ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ትንሽ ይላል አለች፤ ልብስ ጥቂት ሲሆን የሚጫነው ነው። ተጫነችው።

ጨለማው ጥርግ ብሎ ሄደ። እግዚአብሔር ይስጥሽ ልላት አፌን ከፍቼ እንደገና ሳየው፣ ከጨለማው ጋር ሁለቱ ሰዎችም ሄደዋል። ገበታው ሲጠብ ምስሉ ጠበበ። አግዳሚው ራሱ ተቆርጦ ዳር ያሉት ሽማግሌዎች ግማሽ ግማሽ ሆነዋል። ቅድም ጥላቸው ነበረ፣ አሁን ጥላቸውም የለ። ለአማቴ አሳዩዋቸው።

"ቅድም ጨለማ ውስጥ ነበርሁ" አሉ። "አሁን የት ሄድሁ?"

በቄስ ሞላ በኩል፣ እባካችሁ ሁለታችሁም ወደ መሐል ጠጋ በሉ አልኩ። አግዳሚውን ማሳጠር አይቻልም፤ አንድ ሽማግሌ ቢነሳ ወገኑ ይቀየማል። ግን ከአግዳሚው ፊት ለፊት አልፈው ጠጋ ማለት ይችላሉ። ቄስ ሞላ አስተላለፉ። አቶ ደምሌ አቶ ጓዴ ሲጠጉ ለማየት ጠበቁ። አቶ ጓዴ አቶ ደምሌ ሲጠጉ ለማየት ጠበቁ። ቀድሞ የተጠጋው ቀድሞ የተማጸነ ይሆናላ። ድንጋዩ አንገታቸውን ወደ ታች እየጫነው፣ ዓይናቸውን ብቻ ወደ ጎን ልከው ይጠባበቃሉ። ማንም አልተነቃነቀም።

እነሱ የማይጠጉ ከሆነ እኔ መራቅ አለብኝ። ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሽማግሌዎቹ ሙሉ ሆኑ። ጥቂት ሸሸሁ። የአቶ ጓዴ ክርን መጣ፣ የአቶ ደምሌ ድንጋይ መጣ። አንድ እርምጃ ብቻ ብጨምር ሁሉም ሊገቡልኝ ሆነ፤ ደስታዬ ወሰን አጣ። ያን ጊዜ ቄስ ሞላ ቁም አሉኝ። ዞር ብል የተገዘተችው መሬት ሣር ጀርባዬን እያከከኝ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ እኔ የፈጠርኩት ይመስላችኋል። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ይዘው መጡና ጠየቁኝ።

"አንተ የዚህ ቤት ልጅ ነህ ወይስ እንግዳ? ልጅ ከሆንህ ግዝቱ ይይዝሃል፣ እግርህን አታስገባም። እንግዳ ከሆንህ ግባ።"

አስቡት እንግዲህ። ልጅ ነኝ ካልኩ መግባት የለም፤ ካልገባሁ ፎቶ የለም፤ ፎቶ ከሌለ ዕርቅ የለም፤ ዕርቅ ከሌለ ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ ደግሞ ልጅ አይደለሁም። እንግዳ ነኝ ካልኩ ሰተት ብዬ ገብቼ አነሳለሁ፤ ግን በዚህ ሁሉ ሽማግሌ ፊት እንግዳ ነኝ ብዬ ነገ ልጅ ለመሆን በየት በኩል እመለሳለሁ። አቶ ጓዴ ከድንጋያቸው ሥር ሆነው እንግዳ ነኝ ይበልና ይገላግለን፣ አንገቴ ሊቆረጥ ነው አሉ። አቶ ደምሌ እንግዳ ነኝ ካለ ልጄ ጋ ምን ሥራ አለው አሉ። ትርንጎ እጇን አጣምራ ቆማለች። አየኋት። ያቺን ልጅ እንዴት እንደምወዳት ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ፤ እንግዳ ነኝ ማለቱ አልሆነልኝም።

"ገና ነኝ" አልኩ።

ገና ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ሽማግሌዎቹ ረዘም ያለ ክርክር ገጠሙ። አንዱ ገና ያልሆነ አልሆነም አሉ። ሌላው ሊሆን ያለ እንደሆነ ይቆጠራል አሉ። በመጨረሻ ከአግዳሚው መሐል የተቀመጡት አዛውንት ፈረዱ። ልጁ ግማሽ ልጅ ግማሽ እንግዳ ነው፤ ስለዚህ አንድ እግሩን ያስገባ፣ አንድ እግሩን ከውጭ ያቁም አሉ። ቄስ ሞላ ትንሽ አሰቡና ይሁን አሉ። ያ ሁሉ ሰው ተስማማ። እኔም ነገሩ ትክክል መስሎ ታየኝ፤ ይኼ ነው ዛሬም የሚገርመኝ።

ቀኝ እግሬን ሣሩ ውስጥ አስገባሁ፣ ግራ እግሬን ከውጭ ተከልኩ። ካሜራውን ሆዴ ላይ አድርጌ አንገቴን ደፋሁ። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም ሊሞሉ የጣት ያህል ቀራቸው። እግሬ መነቃነቅ ስለሌለበት ወገቤን ወደ ኋላ ለጠጥኩ። ትንሽ ጨመርኩ። አቶ ደምሌ ሞሉ። ትንሽ ጨመርኩ። አቶ ጓዴም ሊሞሉ ሲሉ ሰማይ መጣ፣ ከሰማዩ ቀጥሎ ሣር መጣ፣ ከሣሩ ቀጥሎ ጭቃ መጣ።

ለካ ሣሩ ውስጥ የድሮ የውሃ መውረጃ ቦይ ነበረበት፤ ሰው ከረሳው ዓመታት ያለፈው። በራሴ ተተክዬ እግሬ ወደ ላይ ቀረ። ካሜራው የት እንደሄደ አላየሁም። የሰማሁት ድብ፣ ደግሞ ድብ የሚል ድምፅ ነው። ሁለት ድንጋዮች መሬት ላይ ሲወድቁ ነበር። ከዚያ ሣር ሲተራመስ፣ ከዚያ አንዱ ቀኝ እግሬን፣ አንዱ ግራ እግሬን ይዞ ሲጎትት።

"አንተ ጓዴ፣ በዚያ በኩል ያዘው እንጂ" የሚል ድምፅ መጣ።

"ይዣለሁ፤ የምትለቀው አንተ ነህ" አለ ሌላው።

ትንሽ ተጎተትኩና ቆመ። አንዱ ሲያቃስት ተሰማኝ።

"ያ ወገብህ ዛሬም ያምሃል?" አሉ አቶ ጓዴ።

"ክረምት ክረምት ይብስብኛል" አሉ አቶ ደምሌ። "ማን ይጠይቀኛል አንተ ከሌለህ።"

እኔ ከታች ሆኜ አፍንጫዬ ድረስ ጭቃ ነው። ግን ትንፍሽ አላልኩም። ካወጡኝ ወሬያቸው ያልቃል ብዬ ፈራሁ። እንዲያውም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዳልቀልላቸው የቦዩን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ። እነሱ ላይ ሆነው ስለወገብ፣ ስለዚያ ስለተሸጠው በሬ፣ ስለእናታቸው መቃብር አጥር መፍረስ እየተነጋገሩ እግሬን ይስባሉ፤ እኔ ታች ሆኜ አልወጣም እላለሁ። ዓይኔን የሞላው ጭቃ ብቻ አልነበረም።

ሲያወጡኝ ሁለቱም ደረታቸው ድረስ የተገዘተው ሣር ውስጥ መቆማቸውን አዩና ደነገጡ። ወደ ቄስ ሞላ ዞሩ። ቄስ ሞላ ግዝቱን ሳትገቡ ነው የፈታሁት፣ ጮክ ብዬ አላልሁትም እንጂ አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም። ወንድማማቾቹ እዚያው ጭቃው ውስጥ ጉልበት ለመሳም አጎነበሱ፤ ሁለቱም እኩል ስላጎነበሱ ግንባራቸው ተጋጨ።

አሁን ሽማግሌዎቹን አዲስ ጭንቀት ያዛቸው። ድንጋዩ ወርዷል፣ ፎቶው የለም። ካሜራው ቦዩ ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ ከሌንሱ ጭቃ ይንጠባጠባል፣ ባሕር ዳር ድረስ ያስመጣሁት ቀለበት ተጣሟል። ነገ ገበያ ላይ እሱ ነው የተሸከመው ቢባል በምን ይመለሳል? ትርንጎ ለካ ከወይራው ጎን ያለው የጭድ ክምር ላይ ወጥታ ነበር። ወረደችና ስልኳን ለቄስ ሞላ ሰጠቻቸው።

ሁሉም አለ። ከነአግዳሚው፣ ከነበርጩማው፣ ከነወይራው። ሽማግሌዎቹ በድንጋጤ ብድግ ብለዋል። በአግዳሚው አንድ ጫፍ አንድ ድንጋይ ወድቋል፣ በሌላው ጫፍ ሌላ ድንጋይ ወድቋል፤ ከየድንጋዩ ፊት ለፊት የሚጀምር የተረገጠ ሣር ተጉዞ አንድ ቦታ ይገናኛል። እዚያ ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን አጎንብሰው ይታያሉ። ማን ቀድሞ እንደሮጠ ለማወቅ ሽማግሌዎቹ ብዙ ደከሙበት፤ እኩል ነው የደረሱት። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ የካደ የለም።

ሠርጉ ሆነ፣ አቶ ጓዴም ከአቶ ደምሌ ጎን ተቀምጠው መረቁን። ያቺን መሬት ለሁለት ከሚከፍሏት ለእኛ ሰጡን፤ ገብስ ዘርተንባታል፣ ጠላ አትበቃም እንዳልኳችሁ አልበቃችም። ፎቶውን ደግሞ አሳድጌ አሳትሜ ስቱዲዮዬ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። የሰው ዳር ተቆረጠ ብዬ ያን ሁሉ ስደክም ሁሉም ሙሉ ሆነው ሲወጡ፣ ከእኔ የታየው ከጉልበት በታች ብቻ ነው፤ ሌላው አካላቴ ቦይ ውስጥ ነው። ደንበኛ እያየ ሙሽራው የትኛው ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ትርንጎ እኔ እስክመልስ አትጠብቅም። ትነሳና ወደ ላይ የቀሩትን ሁለት ጫማዎች በጣቷ ነክታ ባሌ ይኼ ነው ትላለች። የቀኙ ጫማዬ ሶል ቀዳዳም፣ ከቀዳዳው የወጣችው ካልሲም፣ በዚያች በጤፍ ፍሬ ሴንሰር ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።